ለልጃችን እንቅልፍ የገዛናት ዋይት ኖይዝ ማሽንና መጠቅለያ፣ ከ3 ወር አጠቃቀም በኋላ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጃችን የተወለደችው ጥር ላይ ነው፣ አሁን 4 ወር አልፏታል፣ የመጀመሪያ ልጃችን ናት። ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ ሌሊቱ ለኔም ለባለቤቴም ከባድ ነበር፣ ቀን እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ የሚወስዳት ልጅ ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ሲሆን መቁነጥነጥ ትጀምራለች፣ ታምጣለች፣ ታቃስታለች፣ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ትሰበስባለች፣ እቅፍ ውስጥ ተኝታ ቀስ ብለን አልጋዋ ላይ ልናስተኛት ስንል ደሞ ሁለት እጇን በአንዴ ዘርግታ ትደነግጥና እንደገና ከመጀመሪያው። ባለቤቴ አራስ ናት፣ ወገቧ ገና አልጠናም፣ እኔ ደሞ ጠዋት 2 ሰዓት ስራ መግባት አለብኝ። በቃ በ5ኛው ሳምንት ላይ ከአንድ ቴሌግራም ላይ የሕፃናት ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ሦስት ነገር ገዛን፣ ዋይት ኖይዝ ማሽን (ልጅ እንዲተኛ ሳያቋርጥ ወጥ ድምፅ የምታሰማ ትንሽ ዕቃ) በ3,200 ብር፣ ባለ ዚፕ መጠቅለያ (ስዋድል የሚሉት) በ1,400 ብር፣ አንድ ደሞ ዙሪያው በስፖንጅ የተሞላ ጎጆ የሚመስል መተኛ፣ ኔስት ይሉታል፣ በ4,500 ብር። በቴሌብር ከፈልን፣ ዴሊቨሪ በዛው ቀን ማታ ሰሚት ድረስ አመጣልን። ስለ ሦስቱም እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም እኔ ከመግዛቴ በፊት ተጠቅሞ የጻፈ ሰው በአማርኛ ስፈልግ አላገኘሁም፣ ያገኘሁት የሻጮች ማስታወቂያ ብቻ ነው።

ከማሽኗ ልጀምር። ላይዋ ላይ የሚታወቅ ብራንድ የለም፣ ክብ ናት፣ ቁመቷ የሻይ ብርጭቆ ያክላል፣ በታይፕ ሲ ነው ቻርጅ የምትደረገው። 24 ዓይነት ድምፅ አላት፣ የቬንትሌተር፣ የዝናብ፣ የባሕር፣ የልብ ምት፣ የወፍ ምናምን፣ እኛ በ3 ወር ውስጥ የተጠቀምነው ግን ሁለቱን ብቻ ነው፣ የቬንትሌተሩንና "ሽሽሽ" የሚለውን ወጥ የሆነውን። የወፍና የዜማ ድምፆቹ ለዚህ አይሆኑም፣ ከፍ ዝቅ ስለሚሉ ልጅቷ ጭራሽ ዓይኗን አፍጥጣ ታዳምጣቸዋለች። የሚሰራው ያለማቋረጥ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚሄደው ድምፅ ነው፣ ሕፃኑ እናቱ ሆድ ውስጥ እያለ ይሰማው የነበረው የደም ዝውውር ድምፅ ጸጥታ የሌለበት ስለሆነ እኛ ለሕፃን ብለን የምንጠብቀው ዝምታ ለሱ እንግዳ ነገር ነው።

የኛ ሰፈር ደሞ ጸጥታ የለውም። ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነን፣ የደረጃው የብረት በር ሲዘጋ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊት ውሻ ይጮሃል፣ ማሽኗን የገዛንበት ጊዜ ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ የገጠሙበት ስለነበር ከአንዱ አቅጣጫ ቅዳሴው ከሌላው አዛኑ ይሰማል፣ እነዚህን እኛም እንወዳቸዋለን ቅሬታ አይደለም፣ ግን ልጅቷ ገና እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት በሩ "ዷ" ሲል የምትደነግጠውን መደንገጥ ስታዩ አንጀት ይበላል። የመጀመሪያው ቀን ማታ ጡቷን ጠብታ ካገሳች በኋላ ከፈትናት፣ ባለቤቴ አቅፋት ቆማ ነበር፣ ልጅቷ ማልቀሷን አቁማ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች፣ ከንፈሯን ሁለት ሦስቴ አንቀሳቀሰች፣ ቅንድቧ ላይ የነበረው መጨማደድ ሲፈታ አየሁት። 5 ደቂቃ አልፈጀባትም። በኋላ ሳነብ እ.ኤ.አ. በ1990 እንግሊዝ አገር በ40 አራስ ሕፃናት ላይ የተሰራ ጥናት አገኘሁ፣ 20ዎቹ ይሄን ድምፅ ሰምተው 16ቱ በ5 ደቂቃ ውስጥ ተኙ፣ ድምፁን ካልሰሙት 20 ውስጥ ግን በዛው ጊዜ የተኙት ሩብ ያህሉ ብቻ ናቸው። እና እኛ ቤት የሆነው የአጋጣሚ ነገር አልነበረም ማለት ነው።

አሁን ግን ሁሉም ገዢ ሊያውቀው የሚገባውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሻጩም አልነገረን ካርቶኑም ላይ አልተጻፈም። ይቺ ማሽን ድምፅዋ ሲለቀቅ ከባድ ነው። ሻጩ የላከው ቪዲዮ ላይ ትራሱ ጎን፣ የሕፃኑ ጆሮ ስር ተቀምጣ ነው የምትታየው፣ እኛም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች እንደዛ አድርገን ነበር፣ ይሄን ሳስበው እስካሁን ይቆጨኛል። ሦስተኛው ቀን ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫንኩና አልጋው ላይ ልጅቷ ጭንቅላት በሚሆንበት ቦታ አስቀምጬ ለካሁት፣ ማሽኗ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሆና ሙሉ ቮሊዩም ስትለቀቅ ከ80 ዴሲቤል በላይ ያሳያል። ስልክ እንደ ትክክለኛ መለኪያ አይደለም አውቃለሁ፣ ግን ግምቱን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 ፔዲያትሪክስ የሚባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 14 እንደዚ ዓይነት ማሽኖችን ለክቶ ነበር፣ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሙሉ ቮሊዩም ላይ ሁሉም ለሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ከተቀመጠው 50 ዴሲቤል ያልፋሉ፣ ሦስቱ ደሞ ከ85 በላይ ነው ያወጡት፣ 85 ማለት ፋብሪካ ውስጥ የሚሰራ ትልቅ ሰው እንኳን ቀኑን ሙሉ እንዳይሰማው የሚባለው ልክ ነው። ስለዚህ እኛ ያደረግነው ማሽኗን ከአልጋው 2 ሜትር አርቀን ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልናት፣ ቮሊዩሟ 15 ደረጃ አለው፣ 4ኛው ላይ አድርገናት አልጋው ላይ ስለካው 47 እና 48 አካባቢ መጣ። እንዲህ ሆናም በደንብ ትሰራለች። ልጅ በጣም ሲያለቅስ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ጸጥ ሲል ወዲያው መልሱት፣ ሌሊቱን ሙሉ ጮክ ብሎ እንዲያድር ግን አትተዉት፣ የልጅ ጆሮ ነው።

እሺ ማሽኗ ማስተኛቱን አስተኛችልን። ማቃሰቱና መቁነጥነጡ ግን አልቀረም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ 9 ሰዓት ላይ ልጅቷ ታቃስታለች፣ ፊቷ ይቀላል፣ እጅና እግሯ ይንፈራገጣል፣ እኛ ዘለን እናነሳታለን፣ ታለቅሳለች፣ እናጠባታለን፣ ጥቂት ሳብ አድርጋ ትተወዋለች። ማሽኗ የማትረባ መስሎኝ ልመልሳት ሁሉ አስቤ ነበር። የ6ኛ ሳምንት ክትባት ልናስወጋት ጤና ጣቢያ ስንሄድ ግን ሲስተሯን ጠየቅናት፣ ረጋ ብላ "ዓይኗ ተከፍቶ ነበር ወይስ ተጨፍኖ?" አለችን። እኔና ባለቤቴ ተያየን፣ ሁለታችንም ልብ ብለን አይተን አናውቅም። የዛን ጊዜ ነው ያስረዳችን፣ አራስ ልጅ ከሚተኛው ግማሽ ያህሉ የሚንቀሳቀስበት እንቅልፍ ነው፣ ዓይኑ ሽፋኑ ስር ይንከባለላል፣ ያምጣል፣ ፈገግ ይላል፣ አልፎ አልፎ ድምፅ አውጥቶ ያለቅሳል፣ ግን ተኝቷል። የአንድ ዙር እንቅልፉ ርዝመት ደሞ 50 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፣ ከአንዱ ዙር ወደሌላው ሲሻገር ትንሽ ይቁነጠነጣል፣ ያን ጊዜ ካነሳችሁት የተኛ ልጅ ቀሰቀሳችሁ ማለት ነው። ቀንና ሌሊት የሚለየው የሰውነት ሰዓትም ገና አልተሰራም፣ ከ2 ወር እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ነው የሚስተካከለው፣ በ24 ሰዓት ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል ግን እየቆራረሰ ነው።

የዛን ዕለት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማቃሰት ስትጀምር አልጋዋ አጠገብ በርከክ አልኩ። መብራት አላበራሁም፣ ከኮሪደሩ በምትገባው ብርሃን ብቻ ነው የማያት። ዓይኗ ጭፍን ነው። አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋ አማጠች፣ እጇን ከመጠቅለያው ውስጥ ገፋች፣ ፊቷ ኩምትር አለ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ሊያነሳት ይሄዳል፣ ያዝኩት። በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። 70 ላይ ስደርስ በረጅሙ ተነፈሰች፣ አገጯ ሁለቴ ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለች። እስከ 11 ሰዓት ተኛች። ባለቤቴን ቀስቅሼ ልነግራት ፈልጌ ነበር ግን እሷም በስንት ጊዜዋ የተኛችው ስለሆነ ተውኳት፣ ጠዋት ስነግራት አለቀሰች።

ስለዚህ ማሽኗን ለሚገዛ ሰው የምለው፣ ይቺ ዕቃ የምትጠቅመው ለሁለት ነገር ነው፣ አንደኛ ለማረጋጋት፣ ሁለተኛ ከዙር ወደ ዙር ሲሻገሩ የውጭ ድምፅ እንዳይቀሰቅሳቸው ለመሸፈን። የሚያቃስት ልጅ ማቃሰቱን እንዲተው ግን አታደርግም፣ ማድረግም የለባትም፣ ጤነኛ እንቅልፉ ነው። ርቦት፣ ዳይፐሩ ረጥቦ ወይም አሞት የሚያለቅስንም አታስተኛም። በተለይ ከ3 ወር በታች ሆኖ ሙቀቱ 38 ዲግሪና ከዛ በላይ ከሆነ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ወይም አላስነሳ ብሎ ከፈዘዘ ማሽን ከፍቶ መጠበቅ የለም፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው። ግራይፕ ዋተር (ለሕፃን ሆድ ቁርጠት ተብሎ የሚሸጠውን ፈሳሽ) ስጧት፣ ድንብላል አፍልታችሁ አቅምሷት ያሉን ጎረቤቶችም ነበሩ፣ ከፍቅር እንደሆነ ይገባናል፣ ሲስተሯ ግን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ስላለችን አመስግነን ተውነው። ከምሽቱ የሚነሳው ለቅሶ 6ኛው ሳምንት አካባቢ ነው የሚበረታው፣ በ3 እና በ4 ወር መካከል እየቀለለ ይሄዳል፣ የኛም በትክክል እንደዛ ነው የሆነው።

ወደ መጠቅለያው ልምጣ። ጨርቁ ጥጥ ነው፣ ከታች በዚፕ ይዘጋል፣ ከላይ ሁለት ክንፍ አለው፣ በማጣበቂያ ደረት ላይ ይያያዛል። ያ ሁለት እጅ ዘርግቶ መደንገጥ የምለው ሁሉም አራስ ያለው ነገር ነው፣ ሲያድጉ በ4 እና በ6 ወር መካከል ይጠፋል፣ ክንፉ እጇን ደረቷ ላይ ሰብስቦ ስለሚይዝ አልጋ ላይ ስናስተኛት መደንገጧ በግማሽ ቀነሰ። የወደድኩለት ነገር ከወገብ በታች ሰፊ መሆኑ ነው፣ ጉልበቷን እንደ እንቁራሪት አጥፋ ትዘረጋለች። እማዬ (የባለቤቴ እናት ናቸው፣ ለማረስ ከደብረ ብርሃን መጥተው ከኛ ጋር ሰንብተዋል) መጀመሪያ ላይ "እግሯም አብሮ ጥፍንግ ካላለ ቀጥ ብሎ አያድግም" ብለው ነበር፣ እግርን ቀጥ አድርጎ አጥብቆ ማሰር የዳሌ መገጣጠሚያን ሊያወልቅ እንደሚችል ሲስተሯ ራሷ ስትነግራቸው "እንግዲህ እናንተ የተማራችሁት ታውቃላችሁ ልጄ" ብለው ተቀበሉን። የማልወድለት ነገር ማጣበቂያው ነው፣ ሌሊት ዳይፐር ለመቀየር ስትከፍቱት "ቸርርር" የሚለው ድምፅ የተኛውን ሁሉ ይቀሰቅሳል፣ የታችኛውን ዚፕ ብቻ ከፍቶ መቀየር እንደሚቻል የገባን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ከ10 ጊዜ እጥበት በኋላ ደሞ ማጣበቂያው ላላ አለ፣ እጅዋን ማውጣት ጀመረች፣ ለ1,400 ብር ዕቃ ከዚህ የተሻለ ጠብቄ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን፣ ሁልጊዜ በጀርባ ነው የሚተኙት፣ እና ልጁ ለመገልበጥ መሞከር ሲጀምር መጠቅለል በዛው ቀን ይቆማል፣ ምክንያቱም እጁ ታስሮ በሆዱ ከተገለበጠ ራሱን ማዳን አይችልም። የኛ ልጅ 3 ወር ከግማሽ ላይ ወደ ጎኗ ማዘንበል ጀመረች፣ በዛው ማታ አቆምን። የመጀመሪያዎቹ 4 ሌሊቶች ከበዱ፣ ከዛ ለመደችው። አሁን እማዬ ከሸማ ያሰፉላት እጅጌ የሌለው ከረጢት ውስጥ ነው የምትተኛው፣ አዲስ አበባ ሌሊቱ ስለሚበርድ ከስር ወፈር ያለ ፒጃማ እናደርግላታለን፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ግን አልጋው ውስጥ አናስገባም፣ ፊቷ ላይ ሊወጣ ይችላል።

ኔስቱን በሚመለከት አጭር ነው የምለው። አትግዙት። ሲነካ ደስ ይላል፣ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ግን ለሕፃን እንቅልፍ የሚሆነው ጠንካራና ሜዳ የሆነ ፍራሽ ያለው፣ ዙሪያው ባዶ የሆነ አልጋ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ሕፃናት በሆዳቸው አይተኙ ብሎ ምክሩን ካወጣና በ1994 ዘመቻው ከተጀመረ በኋላ እዛ አገር በእንቅልፍ ላይ በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሷል፣ ይሄ ሁሉ ሕፃን የዳነው በዋናነት አተኛኘት በመቀየሩ ነው፣ ልጅ ሲኖራችሁ እንደዚ ዓይነት ነገር ስታነቡ ልብ ይነካል። ሻጩ እንደውም በጭማሪ ብር ጀርባው ቀና የሚለውን ተዳፋት መተኛ ውሰዱ፣ "ወተት አይመልስባትም" ብሎን ነበር። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 ሕፃናት ከሞቱ በኋላ 4.7 ሚሊዮን የሚሆን እንደዛ ዓይነት ተዳፋት መተኛ ከገበያ ተሰብስቧል፣ በ2022 ደሞ ከ10 ዲግሪ በላይ የሚያዘነብል የሕፃን መተኛ በሕግ ታግዷል፣ የሕፃን ጭንቅላት ከባድ ስለሆነ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ የአየር መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። ለሻጩ ይሄን በትህትና ነገርኩት፣ ብር አንመልስም አለ፣ በመጨረሻ ኔስቱን በዳይፐር ቀየረልን። ባለቤቴ ከሚጠቀምበት ሰው እጅ እንዳይገባ ብላ ተጨንቃ ነበር፣ ስለዚህ ነው እዚህ በግልጽ የምጽፈው።

ስለ እማዬ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። እኔ ልጅቷን አቅፌ ቆሜ ሳወዛውዝ እንቅልፍ ሲወስዳት ወዲያው አስቀምጣታለሁ፣ ትነቃለች። እሳቸው በነጠላ አዝለዋት ሳሎንና ኮሪደሩን ሳይቆሙ እየተመላለሱ እሹሩሩ ይላሉ፣ ከኋላ በእጃቸው ቂጧን መታ መታ ያደርጋሉ፣ እርምጃቸውና መታ መታው አንድ ላይ ነው የሚሄደው። ስትተኛ ወዲያው አያወርዷትም፣ ወደ እቅፋቸው አዙረዋት ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ፣ ቡናቸው እስኪበርድ ድረስ ዝም ብለው ይይዟታል፣ ከዛ ነው አልጋዋ ላይ የሚያደርጓት፣ አትነቃም። "ምንድነው ምስጢሩ እማዬ?" ስላቸው "ልጄ፣ እንቅልፉ እስኪከብዳት ነዋ የምጠብቀው" አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 የጃፓን ተመራማሪዎች የሕፃናትን የልብ ምት እየለኩ የደረሱበት ይሄንኑ ነው፣ የሚያለቅስ ልጅ አቅፎ ሳይቆሙ 5 ደቂቃ መራመድ፣ ከተኛ በኋላ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይዞ መቀመጥ፣ ከዛ ማስተኛት። አሁን እኔም በሰዓት እያየሁ እንደዛ ነው የማደርገው፣ ማሽኗም በዝቅተኛ ድምፅ ትከፈታለች፣ ሁለቱ ሲጣመሩ አሪፍ ነው።

ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ሚያዝያ ላይ ነበር፣ ቤቱ በሰው ሞልቷል፣ እልልታ አለ፣ ሕፃናት ኮሪደር ላይ ይሯሯጣሉ፣ ልጅቷ መኝታ ቤት ውስጥ ማሽኗ እየሰራች 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ተኛች። እናቷ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጣ ምሳ በላች። ለዛች ምሳ ብቻ 3,200 ብሩ አይቆጨኝም።

የማሽኗን ጉድለት ልጨርስ። ሲከፈትና ድምፅ ሲቀየር "ቲት" ትላለች፣ ለዚህ ድምፅ ማጥፊያ የለውም። የምታበራው ሰማያዊ መብራት ለጨለማ ቤት ይበዛል፣ እኛ ጥቁር ፕላስተር ለጠፍንበት። የዝናቡ ድምፅ በየጥቂት ደቂቃው እንደገና ሲጀምር ቆረጥ ይላል፣ ቬንትሌተሩ ላይ ግን ያ የለም። ታይመሯ 30፣ 60 እና 90 ደቂቃ ነው፣ መጀመሪያ 60 ላይ አድርገናት ስትጠፋ ልጅቷ ትነቃ ነበር፣ ስለዚህ ወይ ሌሊቱን ሙሉ በዝቅተኛ ድምፅ ተዉት ወይ ቀስ በቀስ ቀንሱት። ባትሪዋ 4ኛ ደረጃ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ትቆያለች፣ መብራት ሲጠፋም ስለማትቋረጥ በኛ አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ በሶኬት ብቻ የምትሰራውን እንዳትገዙ። በጀት ከሌላችሁ የቆየ ስልክ ላይ የቬንትሌተር ድምፅ አውርዳችሁ ኤርፕሌን ሞድ አድርጋችሁ 2 ሜትር አርቃችሁ ብታስቀምጡት ተመሳሳይ ስራ ይሰራል፣ ጓደኛዬ ሪያድ ሆና ልጇን በዛ ነው ያሳደገችው።

ነጥብ ልስጥ ካላችሁ ማሽኗ ከ5 4፣ መጠቅለያው 3፣ ኔስቱ 0። ከሳምንት በፊት ጀምረን ቮሊዩሟን በየ3 ቀኑ አንድ ደረጃ እየቀነስን ነው፣ ትላንት ማታ 2ኛው ላይ ነበረች፣ ልጅቷ ከ3 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ተኝታ፣ ጠብታ፣ እንደገና እስከ 12 ሰዓት ደግማለች። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን እመልሳለሁ።